ማህተም ያረፈበት ቁልፍ

የላቦራቶሪው የምስጢር ቁልፍ በወረቀት ታትሞ፣ በየገጹ ክብ ማህተም ተመትቶበት፣ ለቅርንጫፍ ክሊኒኮቹ ሁሉ ተልኳል። ሌባ አልሰረቀውም። የላኩት፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ ጥንቁቅ ሰው የለም የሚባልላቸው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው።

እኚህ ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «አባ ግልባጭ»። እጃቸው የገባ ደብዳቤ ግልባጭ ሳይወጣለት አያድርም። አባሪ ከዋናው አይነጠልም፣ ገጽ ከገጽ አይለይም፣ ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይባልም፤ ይህን ለየቅርንጫፉ ጸሐፊዎች ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸውም እንደ ጸሎት ይዘውታል። ጡረታቸው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። በግል ማህደራቸው ውስጥ እስከ ዛሬ አንዲት የጥፋት ወረቀት አልገባችም፤ ሳትገባ መውጣት ነው የቀራቸው ምኞት።

ነገሩ የተሰማው በአጋጣሚ ነው። የላቦራቶሪው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ከጠዋት ጀምራ ከአንድ እምቢተኛ ፕሪንተር ጋር ስትታገል ቆይታ፣ እጇን ልትታጠብ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ቧንቧው ሥር አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ጣቶቻቸውን በሳሙና ያሻሉ። የሚወርደው ውሃ ሐምራዊ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ቀለም ውስጥ ነው እንዴ የዋሉት?»

«ያንቺው ሥራ ነዋ!» አሉ ፈገግ ብለው። «ማሽኑን የተከለልን ድርጅት የላከውን ነገር ባለፈው ሳምንት ለክሊኒኮቹ በትኜልሽ የለ? አንዱ ቅርንጫፍ ‹ህትመቱ ደብዝዟል፣ ፊደሉ አይለይም› ብሎ ጻፈብኝ። እኔ ደግሞ ከመዝገብ ቤቴ ደብዛዛ ወረቀት ወጣ ሲባል አልወድም። እንደገና አሳትሜ፣ እንደገና ማህተም ስመታ ነው የረፈደብኝ።»

«የቱን ነገር ነው የበተኑት?»

«ሰርተፍኬቱን ነዋ። ‹ሰርተፍኬቱ ለቅርንጫፎቹ ይድረስ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ብያለሁ። በኮምፒዩተር እንዲላክላቸው ነበር ያሰብኩት።»

«በኮምፒዩተርም ሄዷል፣ በሾፌርም ሄዷል። ሁለቱም ገጽ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። አባሪ ከዋናው አይነጠልም።»

መሐንዲሷ እጇን ልትታጠብ የከፈተችውን ሌላውን ቧንቧ ረሳችው። አዛውንቱ ዘጉላት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ጥቂት ማስረዳት ግድ ነው። የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪው ወደ ክሊኒኮቹ የሚሄደው በኢንተርኔት ነው። የክሊኒኩ ኮምፒዩተር «ይህ ውጤት የመጣው እውነት ከላቦራቶሪው ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራበት ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሰርተፍኬቱ ነው፤ የላቦራቶሪውን ማንነት ያስታውቃል፤ አደባባይ ላይ ቢለጠፍ ጉዳት የለውም። ሌላው ቁልፉ ነው፤ ላቦራቶሪው በያንዳንዱ ውጤት ላይ የሚፈርመው በእሱ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው ላቦራቶሪውን ሆኖ ይፈርማል። መከራው፣ ሁለቱም የሚቀመጡት በአንድ ዓይነት ተራ የጽሑፍ ፋይል መሆኑ ነው። ከላይ በሰረዝ የታጠረች «እዚህ ይጀምራል» የምትል መስመር፣ ከታች «እዚህ ያበቃል» የምትል መስመር፣ መካከሉ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ተዘበራርቆ የተደረደረበት። ላላወቃቸው መንታ ናቸው። ማሽኑን የተከለው ድርጅት ደግሞ ሁለቱን በአንድ ፋይል ቋጥሮ ላካቸው። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ «የሚመጣ ነገር ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ» ይላል፤ ገባ። መዝገብ ቤቱም የሚያውቀውን አደረገ።

አዛውንቱ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ልጅቱ እግር በእግር ተከተለቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው በብረት መደርደሪያ ተሸፍኗል፤ አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ አንገቱን እያዞረ ወረቀቶቹን ጫፍ ጫፋቸውን ያነሳል። ጠረጴዛው ላይ አዲሶቹ ህትመቶች ተደራርበው ቀለማቸው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ።

«ተቀመጪ እስቲ። ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«አልቀመጥም ጋሼ። ቁልፉ ወጥቷል። ዛሬውኑ መሻር አለበት።»

«ቁልፍ? ቁልፌማ ይኸው ኪሴ ውስጥ!» ብለው አንቃጨሉት።

ከህትመቶቹ አንዱን አንስታ ሁለተኛውን ገጽ ፊታቸው ዘረጋችው። «ይቺ የላይኛዋ መስመር ምን ትላለች?»

መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፤ ከዚያ ፈረንጅኛ፤ ከዚያ ደግሞ ሰረዝ። ጌጥ መስላኝ ነው ያለፍኳት።»

«‹የግል ቁልፍ› ነው የምትለው።»

«በሰረዝ አጥሮ፣ ጥግ ላይ ሸጉጦ፣ ማን ያነብልኛል ብሎ ነው?» አሉና ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «ደግሞ ልጄ፣ ይሄን ነገር ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ። አንድ ቃል አይወጣውም። የማይነበብ ነገር እንዴት ሆኖ ነው ምስጢር የሚሆነው?»

«የበር ቁልፍስ ይነበባል? ጥርሱ ላይ ምን ተጽፏል? በሩ ግን ያውቀዋል። ይሄንንም ማሽኑ ያውቀዋል፤ ለእሱ የተዘበራረቀ አይደለም።»

«እሺ፤ ምስጢር ከሆነ ለምን በፊደል ጻፉት? ምስጢር ይታሸጋል እንጂ እንደ ማስታወቂያ ይጻፋል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መሐንዲሷን ይበልጥ ያደከማትም እሱ ነው፤ ሞኝ ጥያቄ ቢሆን በአንድ ቃል ዘግታው ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር።

«በፊደል የተጻፈው እንዲጓዝ ነው» አለች። «ቁልፉ ውስጡ ግዙፍ ቁጥር ነው። የድሮዎቹ የኢሜይል መሥመሮች ከተራ ፊደል ሌላ ነገር ሲያልፍባቸው ያበላሹት ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን የፊደል ልብስ አልብሰው አሻገሩት። ልማዱ ተመችቶ ዛሬም አለ፤ በየትኛውም ማሽን ይከፈታል፣ ይገለበጣል፣ ይለጠፋል። ልብስ ግን ልብስ ነው ጋሼ፤ ካዝና አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ ተዘበራርቆ ሲያየው የተቆለፈ ይመስለዋል።»

«የሚቆለፍበት መንገድ የለውም ማለት ነው?»

«አለው። የይለፍ ቃል ይሰጠውና ይቆለፋል፤ ያኔ የላይኛዋ መስመር ራሷ ‹የተመሰጠረ› ብላ ትናገራለች። ይሄኛው ግን ራቁቱን ነው የመጣው።»

«እንግዲያው ጥፋተኛው ድርጅቱ ነዋ!»

«እሱም አለበት። እሱ ግን ለአንድ ቤት ነው የላከው። ለሁሉም ያዳረስነው እኛ ነን።»

«አንቺስ?» አሉ አዛውንቱ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩዋት። «‹የላይኛውን ገጽ ብቻ› ማለት አቅቶሽ ነው?»

«አቅቶኝ ነው። የማውቀውን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ።»

ይህን ስትል ጥቂት ለዘብ አሉ። ወንበር ሳቡላት። አሁን ተቀመጠች።

«ቆይ እስቲ፣ ማን ምን ያደርገዋል?» አሉ። «ክሊኒኮቹ ውስጥ ያሉት ሁሉ የማውቃቸው ልጆች ናቸው። አንድም ክፉ የለባቸውም።»

«ክፉ አያስፈልግም፤ ደግ ሰው ይበቃል። የአክስቱ ልጅ ሥራ ሊቀጠር የጤና ምርመራ ተጠይቆ ውጤቱ ሳያምርለት ይቀራል፤ ‹እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ› ይለዋል፤ ደጉ ሰውዬ እምቢ ማለት አይችልበትም። በዚህ ቁልፍ ፈርሞ የሚልከው ውጤት ከእኛ ከወጣው በምንም አይለይም። አንዴ ከለመደ በኋላ ማን ያቆመዋል? አንድ ቀን ሐኪሙ የበሽተኛውን የደም ዓይነት ስክሪኑ ላይ ያያል፤ ከላቦራቶሪ የመጣ ነው ብሎ ያምናል፤ ያንን ደም ይሰቅላል። የተሳሳተ ከሆነ በሽተኛው ይሞታል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የሚታወቀው የእኛ ስም ብቻ ነው።»

አዛውንቱ ማራገቢያው ያነሳውን የወረቀት ጫፍ በጣታቸው ተጫኑ። ከዚያ፣ መላ እንዳገኘ ሰው፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«እንሰብስበው።»

«ምኑን?»

«ግልባጩን ነዋ። ‹በስህተት የተላከው ይመለስ› ብዬ እጽፋለሁ። ስንቴ አድርጌዋለሁ! ወረቀቱ ይመለሳል፣ እኔም እዚሁ እቀደዋለሁ፣ ነገሩ በዝምታ ይዘጋል።»

«በዝምታ» የሚለውን ቃል ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጅቱ የገባት ያኔ ነው። ክርክሩ ስለ ፋይል ብቻ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ይመለስ ይሆናል። በኮምፒዩተር የሄደው አይመለስም። በስልክ የተነሳው አይመለስም። ወረቀት ሲመለስ የሄደበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ይሄ ግን ተመልሶም እዚያው ነው። ቁልፍ አንዴ ከእጅ ከወጣ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሞቱን ማወጅ። አዲስ እንሠራለን፣ አሮጌው መሻሩን እናስታውቃለን፣ ቅርንጫፎቹም የድሮውን ሰርተፍኬት ከማሽናቸው ያጠፋሉ።»

«እና አድርጊዋ! ማን ያዘሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«አዲሱን ቁልፍ አሁኑኑ እሠራዋለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። የቅርንጫፍ ጸሐፊዎቹ ግን በስልክ ‹የድሮውን አጥፉ› ብላቸው ይሰሙኛል? ከመዝገብ ቤት ማህተም ያለው ደብዳቤ ካልደረሳቸው ጣታቸውን አያነሱም። ማን እንዳስተማራቸው እርስዎ ያውቃሉ። የድሮው ካልጠፋ ደግሞ፣ የድሮውን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ላቦራቶሪ ነው።»

«ደብዳቤው ምክንያቱን ምን ብሎ ይገልጻል?»

«‹ቁልፉ ከመዝገብ ቤት በስህተት ስለተሰራጨ›።»

«ከታች የማን ስም?»

መሐንዲሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማህተም አየች።

«ለአንድ ያልገባኝ ፋይል!» አሉ አዛውንቱ፤ ድምፃቸው ቁጣ መሆን ፈልጎ አልሆነለትም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ አንድ ወረቀት አልጠፋብኝም። ልወጣ ስል ይሄን ማህደሬ ውስጥ ሰክቼ ልውጣ? እንደ ሌባ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞዎት» ይላቸው ነበር። መሐንዲሷ ማጽናናት አትችልበትም። የባሰውን ደግሞ፣ እየቆጠረች ነበር፤ እነሱ ሲከራከሩ ስንት ውጤት በዚያ ቁልፍ እየተፈረመ እንደሚሄድ እያሰበች ነበር።

«መጀመሪያ ልጆቼን ልጠይቅ» አሉና ስልኩን አነሱ። «አንድም ቦታ እንዳልባከነ ታያለሽ። ያን ጊዜ ትተይኛለሽ።»

ስፒከሩን ከፈቱላት። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ገና ድምፃቸውን ስትሰማ «አቤት ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

«ያ የላክሁልሽ ባለሁለት ገጽ ወረቀት የት ነው ያለው?»

«ይቀመጥ ያሉት ቦታ ነው ጋሼ! ዋናው ማህደር ውስጥ ገብቷል። ግልባጩን ለነርሶች ክፍል፣ ለካርድ ክፍል፣ ለፋርማሲው፣ ለጥበቃው ክፍል አድርሻለሁ።»

«ለጥበቃ ክፍል? ለምን ሲባል?»

«ነርሶቹ አንብበው ‹ቁልፍ› የሚል ነገር አለበት አሉና፤ ቁልፍ የሚመለከተው እነሱን ነው ብዬ ነዋ። ‹ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ሁሉ ግልባጭ ይድረሰው› ይሉን የለ? አስፈርሜም ነው የሰጠሁት!»

«ጎበዝ» አሉ ሳያስቡት፤ ስልኩንም ዘጉ። መሐንዲሷ ጣሪያውን አየች። ከመካከላቸው ወረቀቱን ማንበብ የቻለ ሰው ነበር ማለት ነው፤ አንብቦም ለዘበኛ አስረከበው።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሳል ያለበት ጎልማሳ ነው። ከእሳቸው ቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ በደብዛዛው ህትመት ያስቸገርንዎ እኛ ነን፤ አይቀየሙን። አሁንማ ተገላግለናል። ገጹን በስልኬ አንስቼ የሠራተኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ዓይን ያለው ሁሉ ተረባረበበት! አንድ የቀድሞ ባልደረባችን አንድ ፊደል ሳይስት ተይቦ ላከልን።»

«የቀድሞ ባልደረባ ማለት?»

«ያ ቴክኒሻን፣ ውጤት ሲቀያይር ተይዞ የተሰናበተው። ከግሩፑ ማን ያስወጣው? ግን ቂም የለውም ጋሼ፣ ‹ሌላም ካለ ላኩልኝ፣ እተይባለሁ› ብሎናል።»

አዛውንቱ ስልኩን ሲያስቀምጡ ቦታውን ሳተ፤ እንደገና አንስተው አስቀመጡት። ሦስተኛውን ቅርንጫፍ አልደወሉም።

«አንዳቸውም አላጠፉም» አሉ።

«አላጠፉም።»

«ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። አንዲት ሳያጎድሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

ልጅቱ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ተወችው። ክርክሩን ያሸነፈችው እሷ አልነበረችም፤ ሁለት ታዛዥ ጸሐፊዎች አሸንፈውላታል። እንዲህ ያለ ድል ደግሞ አያስደስትም፤ ድካም ብቻ ነው።

«አዲሱ ሲሠራ» አሉ አዛውንቱ ከቆዩ በኋላ፣ ከመሳቢያቸው ንጹሕ ወረቀት እያወጡ፣ «ይሄ እንዳይደገም ምን ይደረጋል? ከእኔ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ያው እንደ እኔ ነው። አስረጂኝና ለእሱ እንዲሆን አድርጌ ልጻፈው። ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ማለት አመሏ አይደለም፤ ሞከረች።

«መጀመሪያ፣ ቁልፉ ከውጭ አይመጣም። እዚሁ የላቦራቶሪው ማሽን ውስጥ ይወለዳል፣ እዚያው ይኖራል። ሰርተፍኬት ወደሚሰጠው ድርጅት የሚሄደው ማመልከቻ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱ በማመልከቻው መሠረት ተፈርሞ ይመለሳል። በመዝገብ ቤትዎ በኩል የሚያልፍ ቁልፍ ጨርሶ አይኖርም።»

«ካልመጣልኝ አልበትነውም» አሉ እየጻፉ። «ይሄ ደህና ነው።»

«ሁለቱ በአንድ ፋይል አይቀመጡም። የቁልፉን ፋይል ከማሽኑ ፕሮግራምና ከእኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ይደረጋል። መጠባበቂያው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጣል።»

«ሰርተፍኬቱስ?»

«እሱን ያሻዎትን ያህል ያባዙት። ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ለእሱ ማህተምም አያስፈልገውም፤ የሰጪው ፊርማ ውስጡ አለ፤ ማሽኑ ራሱ ያጣራዋል። አዲስ ክሊኒክ ሲከፈት በዚያው ደቂቃ ይላክለታል፤ ሾፌር መጠበቅ የለም። ቀኑ ሲያልቅ ግን ከነቁልፉ ይታደሳል።»

ብዕራቸውን ቀና አደረጉ። «እንግዲህ አንድ ነገር አልዋጥልህ ያለኝ አለ። በየጊዜው ማደስ ምን የሚሉት ጣጣ ነው? ያልተበላሸ ነገር ቀን ቆርጦ መግደል የሥራ ፍለጋ ነው የሚመስለው።»

«ታች ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት የመመርመሪያ ጠርሙሶች ማብቂያ ቀን የለባቸውም?»

«አለባቸው።»

«ሳይበላሹ አይደለም የሚጣሉት? ቀናቸው ካለፈ ማንም አይምልላቸውም። ሰርተፍኬቱም እንደዚያው። ዛሬ ቁልፉ መውጣቱን በአጋጣሚ ሰማን። ባንሰማ ኖሮስ? ቀኑ ሲደርስ ሳናውቅም ይሞትልን ነበር።»

«ሳናውቅ...» አሉና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጻፉት።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው፤ የአዛውንቱ ጥንቃቄ ውሸት አልነበረም። ወረቀት ሲጠፋ ሰው መብቱን በሚያጣበት ቤት፣ ማባዛት ማዳን ነበር። አሁን ግን በመባዛት የሚድን ነገርና በመባዛት የሚሞት ነገር በአንድ መልክ፣ በአንድ መስኮት ይገባሉ፤ ጠባቂው ሊማረው የሚገባ አዲስ ነገር ቢኖር ሁለቱን መለየት ነው። ለዚህም ዲግሪ አያስፈልግም፤ የላይኛዋን መስመር ማንበብ ይበቃል። በሰነፍ ደግሞ ማሳበብ አይቻልም። ይህን ቁልፍ ያዳረሰው ስንፍና ሳይሆን ትጋት ነው።

ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉት፤ እሷ ከትከሻቸው ኋላ ቆማ አነበበች። አጭርና ግልጽ ነበር፤ የድሮው ሰርተፍኬት ዛሬውኑ ከየማሽኑ ይጥፋ፣ አዲሱ እስኪደርስ ውጤት በስልክ ይጠየቅ፣ በእጅ ያለው ህትመት ሁሉ ይቃጠል፣ ከአሁን በኋላ «የግል ቁልፍ» የሚል መስመር ያለበት ፋይል የደረሰው ሰው ሳያባዛ፣ ለማንም ሳያስተላልፍ፣ ለመሐንዲሷ ያስታውቅ። ከዚያ በፊት ግን፣ በመጀመሪያው አንቀጽ፣ ስሕተቱን የፈጸምኩት እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ ብለው ሙሉ ስማቸውን አስፍረዋል።

«ጋሼ፣ ‹በስህተት ተሰራጭቷል› ቢሉ ይበቃ ነበር። ስም ማስገባት ግዴታ አይደለም።»

«ማን እንደሳተ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ሁሉንም ያስጠረጥራል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ከተጀመረ ‹የላይኛውን ገጽ ብቻ› ሳትይ የቀረሽው አንቺም ትገኚያለሽ። አንቺ ገና ብዙ ዘመን አለሽ።»

መሐንዲሷ ቀድማ ተናግራ የማታውቀውን የማጽናኛ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ማህተሙን አንስተው መቱት፣ ፈረሙ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በማራገቢያው ፊት ይዘው ቆሙ።

«ዳይሬክተሯ ከሌላ ሰው ሳትሰማው እኔው ልንገራት።»

«አብሬዎት ልምጣ?»

«ምን ልትሆኚልኝ? አልቅሰሽ ልታስምሪኝ ነው?» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ደካማ ነበር፤ ሳቅ ግን ነበር። «አንቺ ቁልፍሽን ሥሪ። ስትጨርሺ ለማንም እንዳታሳዪ። ለእኔም ቢሆን።»

ኮታቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንስተው ለበሱ፤ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆለፉት። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።